ለፊንጢጣ መሰንጠቅ የትኛው ቅባት ይሻላል? ማደንዘዣ፣ ጡንቻ ማላያ ወይስ የኪንታሮት ቅባት

ሽንት ቤት ሲቀመጡ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም፣ ከተነሱ በኋላ ለደቂቃዎች አንዳንዴም ለሰዓታት የሚቀጥል ማቃጠል፣ ሶፍቱ ላይ ደማቅ ቀይ ደም። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ነገሩ በአብዛኛው የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው፤ ሐኪሞች ፊሸር ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ከመቀመጫ አካባቢ የሚመጣ ሕመም ሁሉ «ኪንታሮት» ስለሚባል፣ ሰው ፋርማሲ ገብቶ የኪንታሮት ቅባት ይጠይቃል፣ የጠየቀው ይሰጠዋል፣ ለሳምንታት ይቀባል፣ ቁስሉም እዚያው ይቆያል። ቅባቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

ቱቦው ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ብዙ አይነግርም። ከስሙ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገርና ከጎኑ ያለውን የፐርሰንት ቁጥር ያንብቡ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ቱቦ ከሆነማ ይህ ግዴታ ነው፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ መድኃኒቶች ሊኖሩ ይችላሉ።

ቁስሉ ለምን አልድን ይላል?

ስንጥቁ ራሱ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በኋላ በኩል፣ ወደ ጭራ አጥንት በሚያመለክተው መሐል መስመር ላይ ነው። ከሥሩ በፈቃዳችን የማናዘው የውስጠኛው መዝጊያ ጡንቻ አለ። ቁስሉ ሲነካ ይህ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ወደ አካባቢው የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ደም ያላገኘ ቁስል አይድንም። በማግስቱ ደረቅ ሰገራ እንደገና ይቀደዋል። ከሽንት ቤት ከተነሱ በኋላ ለሰዓታት የሚቆየው ሕመም በአመዛኙ የዚህ ጡንቻ መኮማተር ነው።

ከ6 ሳምንት ያልበለጠ አዲስ ስንጥቅ ሰገራው ከለሰለሰና ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ከተዘወተረ ብዙ ጊዜ ያለ ልዩ መድኃኒት ይድናል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈው ግን ጠርዙ ይደድራል፣ ውጭው ላይም ትንሽ የቆዳ ጉጥ ያበቅላል። ብዙ ሰው «ኪንታሮቴ ወጣ» የሚለው ይህንን ጉጥ ነው።

ማደንዘዣው፦ ሊዶኬይን

ሊዶኬይን ነርቩን ያደነዝዛል። ጡንቻውን አያላላም፣ ቁስሉንም አይዘጋም። የሚጠቅመው ሕመሙን በመፍራት ሽንት ቤት መሄድን ለሚያዘገይ ሰው ነው፤ ማዘግየቱ ሰገራውን ስለሚያደርቀው ነገሩ ይብሳልና። 5 ፐርሰንት የሆነው ቅባት ከሽንት ቤት በፊት 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ አተር በሚያህል መጠን ይቀባል። ወዲያው ቀብቶ ወዲያው መቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ለመደንዘዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው፣ ስላላመመ ብቻ በኃይል ማማጥ ነው፤ ደንዝዞ የተቀደደው ማደንዘዣው ሲለቅ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ከሳምንት በላይ ሲቆዩበት ቆዳው እየተቆጣ ማሳከክና መቅላት መጀመሩ ነው። ያን ጊዜ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ይጨምርበታል፤ መደረግ ያለበት ማቆም ነው። ሦስተኛው መጠን ነው። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ጣሪያ 5 ግራም ቅባት ሲሆን በውስጡ 250 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን አለ። ለፊሸር ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃል። በተቆራረጠ ቆዳ ላይ ደጋግሞ በብዛት መቀባት መድኃኒቱን ወደ ደም ያስገባዋል። የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማዞር ወይም መንቀጥቀጥ ካዩ ቅባቱን በውኃ አጥበው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሕፃናት በመጠን ስህተት በቀላሉ ይጎዳሉ፤ ያለ ሐኪም አይቀባላቸው።

ቤንዞኬይን ያለበት ቅባት ካጋጠመዎት ሊዶኬይኑን ይምረጡ። ቤንዞኬይን ቆዳን በአለርጂ የማስቆጣት ባሕርይው የከፋ ነው።

ጡንቻ ማላያዎቹ

ለቆየ ፊሸር እውነተኛ ሕክምና የሚባሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሁሉም መዝጊያውን ጡንቻ አፍታተው ደም ወደ ቁስሉ እንዲመለስ ያደርጋሉ። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ። ከሦስቱ መሐል መምረጥ በአብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት፣ የማግኘትና የዋጋ ጉዳይ ነው።

ናይትሮግሊሰሪን፣ በሌላ ስሙ ግሊሰሪል ትራይናይትሬት፣ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለዚሁ ሕመም የሚሸጠው ነው። በአሜሪካ ሬክቲቭ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቃድ አግኝቷል፤ በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሬክቶጄሲክ ይባላል። ሁለቱም 0.4 ፐርሰንት ናቸው። መጠኑ በሣጥኑ ላይ በተሠመረው 2.5 ሳንቲ ሜትር መስመር ልክ የተጨመቀ ቅባት ነው፤ ይህ 375 ሚሊ ግራም ቅባት ሲሆን በውስጡ 1.5 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይዟል። በየ12 ሰዓቱ ይቀባል፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት። የአሜሪካው መመሪያ እስከ 3 ሳምንት፣ የአውሮፓው ቢበዛ እስከ 8 ሳምንት ይላል።

ችግሩ ራስ ምታት ነው። በ0.4 ፐርሰንቱ ከተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያማቸዋል፣ ብዙ ሰው የሚያቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ከተቀባ ብዙም ሳይቆይ ይጀምራል፤ ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም ቀደም ብሎ መዋጥ ይረዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ግራም አይለፍ። መድኃኒቱ የደም ግፊትንም ስለሚያወርድ የመጀመሪያውን ቀን ማታ፣ መኝታ ላይ ሆነው ይቀቡ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። አልኮል ግፊቱን ይበልጥ ያወርደዋል።

ከሲልደናፊል፣ ከታዳላፊልና ከመሰሎቻቸው ጋር ፈጽሞ አይጣመርም። ቪያግራ በሚለው ስም የሚታወቀው ሲልደናፊል ነው፤ ግፊትን በድንገት እስከ ሞት ድረስ ሊጥል ይችላል። እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው «ተፈጥሯዊ» ተብለው በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡትን የወንድነት ማጠናከሪያ ማሮች ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከእነዚህ በብዙዎቹ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል እንደተገኘ አስጠንቅቋል። ከሐኪሙ ፊት ማፈር አያስፈልግም፤ «ይህን እወስዳለሁ» ቢሉት ሌላ ቅባት ያዝልዎታል። ማይግሬን፣ ከባድ የደም ማነስ፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ይህን አይጀምሩም።

አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ለልብ ሕመም ደረት ላይ የሚቀባ 2 ፐርሰንት ናይትሮግሊሰሪን ቅባት በአሜሪካ ይሸጣል። ስሙ አንድ ነው፣ ጉልበቱ 5 እጥፍ። «ያው ነው» ተብሎ ለፊንጢጣ ከተቀባ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። የፐርሰንቱን ቁጥር ሁለቴ ያንብቡ።

ዲልቲያዜም 2 ፐርሰንት በብዙ ሐኪሞች ዘንድ አሁን ቀዳሚ ምርጫ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውጤቱ ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ራስ ምታቱ በእጅጉ ያንሳል። በቀን 2 ጊዜ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቀባል። በአንዳንድ ሰው ላይ የፊንጢጣ ዙሪያ ያሳክከዋል። የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን፣ ለምሳሌ አቴኖሎልን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ብዙ ጊዜ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ስለማይገኝ መድኃኒት የሚቀምም ፋርማሲ ያዘጋጀዋል።

ኒፌዲፒን ከ0.2 እስከ 0.3 ፐርሰንት፣ ብዙ ጊዜ ከ1.5 ፐርሰንት ሊዶኬይን ጋር ይቀመማል። ከዲልቲያዜም ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ማደንዘዣው አብሮት ስላለ ሕመሙ ለሚበረታበት ሰው ጥሩ አማራጭ ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀባል። ኒፌዲፒን ብርሃን ያበላሸዋል፤ በሚያሳልፍ ብልቃጥ ከተሰጠዎት ብርሃን የማያስገባ መያዣ ይጠይቁ። ኒፌዲፒን የያዘውን የግፊት ኪኒን ቤት ውስጥ ፈጭቶ ከቫዝሊን ጋር መለወስ ቅባት አያደርገውም። መጠኑ አይታወቅም፣ የኪኒኑ ሽፋንና መሙያ ቁስሉን ይቧጥጠዋል፣ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራው ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አይለቅም።

የተቀመመ ቅባት ሲረከቡ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ፐርሰንቱ፣ የተቀመመበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ፍሪጅ ያስፈልገው እንደሆነ። ከእነዚህ አንዱን መመለስ የማይችል ሰው የቀመመውን አይውሰዱ።

ከእነዚህ ቅባቶች ተአምር አይጠበቅም። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በናይትሮግሊሰሪን ከቆየ ፊሸር የዳነው ከ100 ሰው 49 ያህሉ ነው፤ መድኃኒት በሌለው ቅባት ደግሞ 36 ያህሉ። ከዳኑትም ግማሽ ገደማ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ልዩነቱ እውነት ነው፣ ግን ጠባብ ነው። ሰገራውን ማለስለስ ከቅባቱ እኩል ይመዝናል የምንለው ለዚህ ነው።

የኪንታሮት ቅባቶችስ?

እነዚህ በአብዛኛው ስቴሮይድ የሚባለውን እብጠት አብራጅ መድኃኒትና ማደንዘዣ አብረው የያዙ ናቸው። ፕሮክቶሴዲል ሃይድሮኮርቲዞንና ሲንኮኬይን፣ ሼሪፕሮክት ፕሬድኒሶሎንና ሲንኮኬይን ይዘዋል። እብጠትና ማሳከክ ያስታግሳሉ፤ በዚያ ሥራቸው አይታሙም። ፊሸር ላይ ግን ጡንቻውን አያላሉም። ለጥቂት ቀን ቀለል ካደረጉልዎት በማደንዘዣው ምክንያት ነው። ከ7 ቀን በላይ ሲቀቡ ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ፈንገስም ይወደዋል። ፕሬፓሬሽን ኤች በሚል ስም ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ፌኒሌፍሪን ስላላቸው ግፊት ላለበት ሰው አይመከሩም።

በፊንጢጣ የሚገባው ሻማ መሰል መድኃኒት ለፊሸር ከሁሉም የማይረባ ነው። ሲገባ ቁስሉን እየፈተገ ያልፋል፣ ከዚያ ስንጥቁን አልፎ ላይ ሄዶ ይቀልጣል። ከቱቦው ጋር የሚመጣውን ጠንካራ ፕላስቲክ አፍም አይጠቀሙበት።

ተራው ቫዝሊን አይናቅ። ከሽንት ቤት በፊት በስሱ ቢቀባ መፋተግን ይቀንሳል፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይሆናል። ለአዲስ ፊሸር ከለብታ ውኃና ከለስላሳ ሰገራ ጋር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አቀባቡ

ግማሹ ችግር እዚህ ጋ ነው። የትኛውንም ጡንቻ ማላያ ሲጠቀሙ እንዲህ ያድርጉ፦

በሳፋ ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። የክንድዎ ቆዳ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ዴቶል፣ ጨው በብዛት ወይም ሳሙና አይጨምሩበት፤ ቁስሉን ይቆጠቁጡታል፣ ቆዳውን ያደርቁታል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁ፣ አይሹት።

ጥፍርዎ ያጠረ ይሁን። ጓንት ወይም የጣት ሽፋን ያድርጉ፤ ከሌለ ንጹሕ ስስ ፕላስቲክ ጣትዎ ላይ ይጠቅልሉ። ናይትሮግሊሰሪን በጣት ቆዳም ስለሚሰርግ ባዶ እጅ የቀባ ሰው ያልጠበቀው ራስ ምታት ያገኘዋል። ለሌላ ሰው የሚቀባ አስታማሚማ ያለ ጓንት ፈጽሞ አይንካው።

በግራ ጎንዎ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ሆድ ይሰብስቡ። የታዘዘውን መጠን ጣትዎ ጫፍ ላይ አድርገው መጀመሪያ የውጩን ጠርዝ ይቅቡ፣ ቀጥሎ ጣትዎን ቀስ አድርገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቢበዛ እስከ መጀመሪያው የጣት አንጓ ያስገቡና በዙሪያው ያዳርሱ። ከዚያ በላይ ጥልቅ ማስገባት መድኃኒቱን ከሚፈለግበት ቦታ ያሳልፈዋል፣ ወደ ደምም በብዛት ያስገባዋል። ሕመሙ ካላስገባ ውጩን ብቻ ይቅቡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይቻላል። ሽፋኑን ጥለው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ሲረሱ ቀጣዩን በሰዓቱ ይቀቡ፣ እጥፍ አያድርጉ። ቀለል ሲልዎት በሁለተኛው ሳምንት አያቁሙ፤ ሕመሙ ከቁስሉ ቀድሞ ይጠፋል፣ በመሐል የሚያቋርጡትም ያን ጊዜ ነው። የናይትሮግሊሰሪን ቱቦ ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ይቀመጥ፤ ከተከፈተ 8 ሳምንት ካለፈው ይጣል። መክፈቻው ቀን ቱቦው ላይ በብዕር ይጻፍ። ሁለት ዓይነት ጡንቻ ማላያ በአንድ ላይ ወይም በየተራ በራስዎ አይደባልቁ።

የእርስዎ ሁኔታ የትኛው ነው?

ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ከቫዝሊን፣ ከሳፋው ውኃና ከምግቡ ይጀምሩ፤ ሽንት ቤት መሄዱ ካስፈራዎት ሊዶኬይን ለጥቂት ቀን ይጨምሩ። 6 ሳምንት ካለፈ ከፋርማሲ መስኮት ወደ ሐኪም ይዙሩ፤ ዲልቲያዜም ወይም ኒፌዲፒን ከተገኘ እነሱን፣ ካልተገኙ ናይትሮግሊሰሪንን ይጠይቁ። ራስ ምታት የሚያዘወትርዎት፣ ወይም ቀን ሙሉ መኪና የሚነዱ ከሆነ ናይትሮግሊሰሪን የመጨረሻ ምርጫዎ ይሁን። ነፍሰ ጡሮች ጡንቻ ማላያዎቹን በራሳቸው አይጀምሩም። ሕፃን ልጅ ላይ የሚታይ ፊሸር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የድርቀት ውጤት ስለሆነ ሕክምናውም እዚያው ላይ ነው።

ሰው በተሰለፈበት መስኮት ላይ ጮክ ብሎ መናገር ከከበደዎት «ፊሸር፣ 2 ወር ሆኖታል» ብለው በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ «ኪንታሮት» ከሚለው ቃል ይልቅ ትክክለኛውን መድኃኒት ያስገኝልዎታል።

«ኪንታሮት በአንድ ቀን እንነቅላለን» የሚሉ ሰዎች የሚቀቡት ቅጠልና ዱቄት ሥጋ የሚያቃጥል ነው። ከተቃጠለ በኋላ የሚፈጠረው ጠባሳ ፊንጢጣን እያጠበበ ሰገራ እስከመከልከል ይደርሳል። ያንን የሚያስተካክል ቅባት የለም።

ሰገራው ካልለሰለሰ

ግቡ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ፋይበር) ነው። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በሶ፣ ፓፓያ ይረዳሉ። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ርካሹ መንገድ ነው፤ ውኃው ካነሰ ግን ተልባው ራሱ ያደርቃል። በጾም ወቅት ጥራጥሬው አይጎድልም፣ የሚጎድለው ውኃው ነው፤ ከተፈታ በኋላ እስከ መኝታ ድረስ እየቆራረጡ ይጠጡ። ሚጥሚጣው ለነዚህ ሳምንታት ይቅር። ጫት የሚቅም ሰው ድርቀቱን ከየት እንዳመጣው ሩቅ መፈለግ የለበትም። ይህ ካልበቃ ሰገራ የሚያለሰልሱት ላክቱሎስ ወይም ማክሮጎል ለሳምንታት ሊወሰዱ ይችላሉ፤ አንጀትን ቀስቅሶ የሚያስቀምጠውን ቢሳኮዲልን ግን የዕለት ልማድ አያድርጉት። ሽንት ቤት ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ስልክ ይዞ መቀመጥም ይቅር።

ቅባት መቀባት ትቶ ወደ ሐኪም

ትኩሳት፣ መግል ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካለ የተቋጠረ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ስንጥቁ በጎን በኩል ከሆነ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም ሕመም የሌለው ከሆነ ተራ ፊሸር ላይሆን ይችላል፤ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም ወይም ካንሰር መመርመር አለበት። ጠቆር ያለ ወይም ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሰገራ አወጣጥ ልማድ መለወጥ፣ እነዚህም በቅባት አይሸፈኑም።

በትክክል 8 ሳምንት ተቀብቶ ያልዳነ ፊሸር ቀጣይ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጡንቻው ውስጥ የሚወጋ ቦቶክስ ሲሆን ለጥቂት ወራት ያላላዋል። ሌላው የውስጠኛውን ጡንቻ ጥቂት ክፍል በጎን በኩል የሚቆርጥ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ይህኛው ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆኑትን ያድናል፤ በምትኩ ጥቂቶች ላይ ጋዝን ወይም ፈሳሽ ሰገራን መቆጣጠር ያዳግታል። በምጥ ጊዜ የተቀደደች ወይም ከዚህ በፊት በዚያ አካባቢ ቀዶ የተደረገለት ሰው ይህንን ለሐኪሙ ቀድሞ መናገር አለበት፤ ለእነሱ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቦቶክሱ ነው።